ከሽመላ ጋር ያወራው ሾፌር

ዲዳዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አንድ ሲሏት አሥር የምትመልስ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ስለሆነች ቀልዱ ለሁሉም ይጥማቸው ነበር። ሥራዋ ግን በእርግጥም ዝምታ ነው። ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ ሽመላዎችን በማሞቂያ ሣጥን ታስፈለፍላለች፣ ታሳድጋለች፣ ክንፋቸው ሲጠና ረግረጉ ላይ ትለቃለች። ጫጩቶቹ ዘንድ ስትገባ ሰው መሆኗ እንዳይታወቅ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ አቡጀዲ ትለብሳለች። ቀኝ እጇን የሽመላ ራስ አስመስለው በሰፉት ጓንት ውስጥ ከትታ፣ በጨርቁ መንቆር ዓሣ ታጎርሳለች። ትንፍሽ አትልም።

በሰው ድምፅ ያደገ ሽመላ ሰውን ዘመዱ ያደርጋል፤ ሰው ግን ዘመድ አይሆነውም። ይህን የተማረችው ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። ያኔ ከለቀቋቸው አንዱ፣ ምሳ የሚበሉ የግንባታ ሠራተኞች መካከል ሄዶ አረፈ፤ እንደለመደው ሊያጎርሱት መስሎት። በድንጋይ አናቱን አሉት። ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ “እንዲያው ለጨዋታ” አሏት። ሬሳውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ የተመለሰች ዕለት የገባባት ንዴት ከዚያ ወዲህ ወጥቶላት አያውቅም። በጫጩቶቹ አጥር አጠገብ የሚያስለውን ሁሉ በዓይኗ ትበላዋለች።

በዚህ ዓመት ከተፈለፈሉት የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። እሷን ደግሞ ክፉ ጉንፋን ጣላት። የሚተካት ሰው ሲጠፋ፣ ለግቢው ዓሣ የሚያመላልሰው ሾፌር አቡጀዲውን ለበሰ። ሾፌሩ ባሏ ነው።

ተሽሏት ስትመለስ ሽመላው ፊት ነሳት። ዓሣውን ብታቀርብለትም ዞር ብሎ አላየውም። ወዲያው ከአጥሩ ውጭ ባሏ ዘበኛውን “እንዴት አደርክ ጋሼ?” ሲል ሽመላው ክንፉን ዘርግቶ ወደ ሽቦው ሮጠ፤ መንቆሩንም በደስታ ያንቀጫቅጭ ጀመር።

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ወጣች። ባሏን ከዓሣ መጋዘኑ ጀርባ ወሰደችው።

“ምን አልከው?”

“ማንን?”

“አትቀልድብኝ።”

“አልበላም አለኝ እኮ። ሊሞትብኝ ሆነ። ‘ብላ እንጂ የኔ ጌታ’ አልኩት፤ በላ።”

“ከዚያስ?”

አንገቱን አከከ። “ከዚያማ… አወራን።”

“አወራን? ተራ በተራ?”

“እሱ እንኳ ማዳመጡን ነበር የመረጠው።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ቆሽቷ አረረ። “እያጎረስክ ገደልከው” አለችው።

“ነፍሱን አተረፍኩ እንጂ።”

“ለማን? ለድንጋይ?”

የእንስሳት ሐኪሙ ነገሩን ሰምቶ፣ ሽመላው ሰውን መፍራት ካልተማረ ዕድሜውን በሽቦ ውስጥ እንደሚጨርስ ነገራቸው። ማስፈራቱ ለማን እንደሚገባ ግን የወሰነችው እሷ ናት። “የለመደው ያንተን ድምፅ ነው፤ የሚጠላውም ያንተን ይሆናል” አለችው።

በማግስቱ ባሏ በራሱ ልብስ፣ የድስት ክዳንና ዱላ ይዞ ገባ። እሷ አቡጀዲዋን ለብሳ ከሸምበቆው አጠገብ ቆመች። “ሂድ እንግዲህ፤ በል ሂድ” አለ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው። ሽመላው መጥቶ የሸሚዙን ቁልፍ ይጎትት ጀመር።

ከመግባታቸው በፊት፣ “የምትጠላውን ሰው አስብና ጩኽ” ብላው ነበር። የምጠላው የለኝም ብሏት ነበር። አሁን ግን ባሏ የሚጮኸውን ሲያጣ ቀና አለና ነጩን ልብስ አየ።

“ወፍ፣ ወፍ፣ ወፍ!” ብሎ ጮኸ፤ ክዳኑንም መታው። “ጠዋት ወፍ፣ ማታ ወፍ። አንድ ነገር ልንገርሽ ስል አፌን ትዘጊኛለሽ። ወንድሜ እንዳኮረፈኝ ለማን ልንገር? ዓይኔ እየደከመ ነው፣ መሪ መያዝ እየፈራሁ ነው፤ ይህንን ለማን ልንገር? ለወፍ ነገርኩ! እሱ ሰማኝ!”

ሽመላው ደንብሮ ሮጠና አቡጀዲዋ ሥር ተወሸቀ። ልቡ ጭኗ ላይ ሲመታ ይሰማታል። ለባሏ የምትመልሰው ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ግማሹ ውሸት ነው፤ አፉን የዘጋችበትን ጊዜ ሁሉ ምክንያቱን እየጠቀሰች ልታፈርሰው ትችላለች። ስለ ዓይኑ ግን አልሰማችም ነበር። ጥርሷን ነክሳ፣ ሥራው እንደሚያዘው ጨርቁን እንደ ክንፍ ዘርግታ ቆመች። እሱ ክዳኑን እየመታ ቀጠለ። በሚቀጥሉት ቀናትም ቃል ፍለጋ አልተቸገረም።

የመልቀቂያው ጠዋት ባሏ እንዲቀርብ አልተፈቀደለትም፤ መኪናው ውስጥ ቀረ። ከማዶ አንድ ዓሣ አስጋሪ ጓደኛውን ሲጣራ፣ ረግረጉ ላይ ከሰፈሩት የዱር ሽመላዎች ሁሉ ቀድሞ የተነሣው የእነሱ ነበር። መንጋው ተከተለው።

እሷ ጭቃዋን ሳታራግፍ ገብታ የመኪናውን በር ደረገመችው።

“ሄደ?”

“ሄደ። ያንተን ዓይነት ድምፅ ሰምቶ ነው የሸሸው።”

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሞተሩን አላስነሣም።

“ውረድ፤ እኔ ነኝ የምነዳው” አለችው። “ከዚያ ለወፉ የነገርከውን ሁሉ ትነግረኛለህ፤ ከመጀመሪያው።”

“አሁን እየተቆጣሽ ነው?”

“አዎ” አለች። “ውረድ።”