ሁለት ወር የጠጣሁት መራራ ዱቄት

ከጎጃም ተመድቤ ቆቦ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ነው። ሥራዬ መቀመጥ ነው። በትንሿ መስኮት ክኒን አቀብላለሁ፣ አወሳሰዱን እናገራለሁ፣ ቀጣዩን እጠራለሁ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ለስላሳ መጠጣት የለመድኩት በዚያ ሰዓት ነው፤ መጀመሪያ በቀን አንድ፣ ኋላ ሁለት፣ ኋላ መቁጠሩንም ተውኩት።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የጨመርኩት ኪሎ አልወርድ አለ። በላዩ ላይ ሌላ መጣ። እስከ ቤቴ ያለችውን አጭር መንገድ በባጃጅ መሄድ ስጀምር፣ ሙቀቱ ነው አልኩ። ከምሳ በኋላ ዓይኔ አልገለጥ ሲለኝ፣ ልጆቹ እንቅልፍ ነስተውኝ ነው አልኩ። አንድ ቀን የላብራቶሪው ባልደረባዬ ሥራ ሲቀልለት “ነይ እስቲ አንቺንም ልለካሽ” ብሎ እየቀለደ ጣቴን ወጋኝ። ቁጥሩን ሲያይ ቀልዱን ተወ።

ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ነገሩን በቀላሉ አስረዳኝ። “ስኳር ገና አልያዘሽም። ቆሽትሽ ኢንሱሊን ያመነጫል፣ ሰውነትሽ ግን አልሰማ ብሎታል። ከውፍረቱ ጋር የተያያዘ ነው። ተራመጂ፣ ለስላሳውን ተዪ” አለኝና ሜትፎርሚን የሚባለውን ክኒን አዘዘልኝ። የተናገረው ሁሉ እኔ በየቀኑ ለሌላው ሰው የምለው ነው። ክኒኑን ለሁለት ሳምንት ወሰድኩት፤ ሆዴን አገላበጠኝና ተውኩት። ለሕመምተኞቼ “ከምግብ ጋር ውሰዱት፣ እያደር ይለመዳል” እላለሁ። ለራሴ ይህን የምልበት ጉልበት አልነበረኝም።

ጎረቤቴ መምህር ናት። እሷ ናት ጎብዬ ገበያ ውስጥ ዱቄት የሚሸጡ ሽማግሌ እንዳሉ የነገረችኝ። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሰውየው በግራር ጥላ ሥር ጆንያ ላይ የደረቀ ቅጠልና ሥር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ስኳር ያድናል ብለው አልዋሹኝም። “ሆድ ይጠርጋል፣ ሰውነት ያቀላል” ብቻ ነው ያሉኝ። ምን ምን እንደተቀላቀለበት አልጠየቅኋቸውም። ሌላ ጊዜ ክኒን ሳቀብል ስንት ነገር የምጠይቅ ሰው፣ የዚያን ዕለት ዝም ብዬ ተቀብዬ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

በየማለዳው ልጆቹ ሳይነሱ አንድ ማንኪያ ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ እጠጣለሁ። ምሬቱ እስከ ምሳ ከምላሴ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ወደ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ እውላለሁ። ወር ሳይሞላኝ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ሰው ሁሉ “አማረብሽ” ይለኝ ጀመር። ስንት ዓመት ያልሰማሁት ቃል ስለነበር ደስ አለኝ። ስኳሬን ግን አልተለካሁም። ባልደረባዬ ሲጠራኝ ሥራ አለብኝ እለዋለሁ።

ከሕመምተኞቼ መካከል እማማ የምላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። መናኸሪያው አጠገብ ማሽላ ይሸጣሉ። የስኳር ክኒናቸውን ሊወስዱ በየወሩ ይመጣሉ፤ ስሜን ትተው “የኔ ሐኪም” ነው የሚሉኝ። ሐኪም እንዳልሆንኩ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም። በዚያ ወር መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ትክ ብለው አዩኝ።

“ልጄ፣ ምን አግኝተሽ ነው እንዲህ የቀለልሽው?”

“የጎብዬውን ዱቄት እየጠጣሁ ነው፣ እማማ” አልኩና ሳቅሁ።

“ክኒኑስ?”

“እኔማ ተውኩት፣ ሆዴን አመመኝ።”

ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። የወር ክኒናቸውን ሰጠኋቸው፤ ሻሻቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ሄዱ። “እርስዎ ግን እንዳይተዉ” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

በሚቀጥለው ወር አልመጡም። ካርዳቸው ሳይነሳ መቅረቱን አይቻለሁ። ሮቢት ዘመዶች እንዳሏቸው ስለማውቅ፣ እዚያ ሄደው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጃቸው በባጃጅ ይዛቸው መጣች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ውኃ ውኃ ይላሉ። ሲጠሯቸው የሚመልሱት ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። የስኳር መለኪያው ቁጥር ማሳየት አቃተው፤ ከአቅሙ በላይ ነው የሚለውን ምልክት ብቻ አወጣ።

ነርሷ ምን ሲወስዱ እንደነበር ጠየቀች። ልጅቷ ከፌስታል ውስጥ ሁለት ነገር አወጣች፤ እኔ የሰጠኋቸውን ክኒን፣ ምንም ሳይነካ፣ ከጎኑም ያን አረንጓዴ ዱቄት።

“እናቴ ‘የኔ ሐኪም ራሷ ክኒኑን ትታ ይሄን ነው የምትጠጣ’ ብላን ነው” አለች። በቁጣ አይደለም፤ የተጠየቀችውን ነው የመለሰች።

ነርሷ “የቷ ሐኪም?” አለቻት።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

በአምቡላንስ አብሬያቸው ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። እጃቸውን ይዤ ነበር፤ ቆዳቸው እንደ ወረቀት ደርቋል። አራት ቀን ተኝተው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በኢንሱሊን ነፍሳቸው ተመለሰች።

በመሃሉ ጎብዬ ሄድኩ። ሽማግሌውን ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት፤ ስደርስ ግን ለቁጣም አቅም አጣሁ።

“አባባ፣ ዱቄቱ ውስጥ ምን ምን አለበት?”

“የሽፈራው ቅጠል፣ አብሽ፣ ትንሽ እሬት።”

“የሚያስቀምጠው እሬቱ ነው?”

“ታዲያ ምን መሰለሽ? ሆድሽ ሲጸዳ ልብስሽ ይሰፋል።”

“ክኒን የሚውጥ ሰው ሲመጣብዎትስ ምን ይሉታል?”

“መቼ ነግሮኝ! አንቺስ መቼ ነገርሽኝ?”

እውነታቸውን ነው። ክኒን ለሚወስድ ሰው፣ ክኒኑን እንዳይተው እንዲነግሩልኝ ለመንኳቸው። “እሺ፣ እላለሁ” አሉኝ። ይበሉ አይበሉ አላውቅም።

እማማ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለዋል፣ ከስተዋል።

“አልሃምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ። አብሽሪ” አሉኝ ገና ከመግባቴ።

“እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። መንገር የነበረብኝን አልነገርኩዎትም።”

“እኔም ሰበብ ነበር የምፈልግ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ መዋጥ አይሰለችም?”

“ይሰለቻል” አልኳቸው። ልጃቸው ሻይ ያለ ስኳር አመጣችልን፤ ሁለታችንም ፊታችንን እያጨማደድን ጠጣነው።

አሁን እማማ ጠዋትና ማታ በመርፌ ናቸው፤ የምትወጋቸው ልጃቸው ናት። ማሽላቸውንም መሸጥ ጀምረዋል፣ በፊት እንደነበረው ሙሉ ቀን ባይሆንም። እኔም እማማ በታመሙበት ቀን ዱቄቱን አቆምኩ፤ ኪሎዬ ከሞላ ጎደል ተመለሰ፤ የወጣው ውኃና ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር እንጂ ስቡ አልነበረም። ስኳሬን ስለካ እንዲያውም ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሜትፎርሚኑን በትንሹ ጀመርኩ፣ ከእራት ጋር። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ ለመደው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በእግሬ እሄዳለሁ። ማታ በባጃጅ የምመለስበት ቀን ይበዛል። ለስላሳውንም ሙሉ በሙሉ ተውኩት ብል ውሸት ነው። ለውጡ ቀስ ያለ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሹን አይታይም።

መስኮቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ። “ከክኒኑ ሌላ የሚጠጡት ነገር አለ?” እላለሁ። አልቆጣም፤ ከተቆጣሁ እንደሚደብቁኝ ከራሴ አውቀዋለሁ። አንዱ አብሽ ይላል፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዳንዱ ስሙን የማያውቀውን ሥር ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል። ካርዱ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ክኒኑን አብረው እንዳይተዉ፣ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ ላብ ላብ ካላቸውና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ቶሎ እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል። ከኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት አርባኛውን ሰው ስጠይቅ ድምፄ ይደክማል፣ ግን እጠይቃለሁ።