የጉድጓዱ ዘበኛ

በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ስሠራ፣ ቤቴ ውስጥ በመስታወት ሣጥን አንድ ትንሽ ዓሣና ሽሪምፕ የሚሉትን ባለ ብዙ እግር፣ ባለ ረጅም ጢም የባሕር ፍጥረት አኖር ነበር። የባሕር ውኃ በጀሪካን እያመጣሁ እለውጥላቸዋለሁ። ዓይኑ ደካማ የሆነው ሽሪምፕ የጋራ ጉድጓዳቸውን በሣጥኑ አሸዋ ውስጥ ሲምስ ይውላል፤ ዓሣው ደጃፉ ላይ ይቆማል።

አባቴ ከዘንገና ሊጠይቁኝ መጡ። በእኛ አገር ሥራ ላይ ያለን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ አጎንብሰው ሽሪምፑን «እግዜር ያበርታህ» አሉት። ዓሣውን ግን ገላምጠው «ይሄ ቦዘኔ» አሉ።

ዓሣዬ ሲሰደብ አልወድም። «የሽሪምፑን ጢም ይመልከቱ አባባ፤ ከዓሣው ጭራ ላይ አያነሳውም» አልኩና እጄን ከሣጥኑ በላይ አሳለፍኩ። ዓሣው ጭራውን አርገበገበ፤ ሽሪምፑ ወዲያው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፣ ዓሣው ተከተለው።

አባቴ ዓሣው ተመልሶ ብቅ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አንተንም ያበርታህ» አሉት።