የየሺወርቅ የቅቤ ቀብድ

የሰበታዋ ሹሩባ ሠሪ የሺወርቅ እጇ ፈጣን ነበር፤ አፏ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። አንድ ጭንቅላት ጉልበቷ መሐል ከገባ በኋላ ባለቤቲቱ ንቅንቅ ማለት አይፈቀድላትም፤ ማስነጠስ እንኳ በፈቃድ ነው። «ዝም በዪ፣ መስመሩ ይጣመምብኛል» ትላለች። ራሷ ግን አንድም ቀን ዝም ብላ አታውቅም። ከጅማ መንገድ ወዲህና ወዲያ ያለችውን ሴት ሁሉ የምታውቃት በጭንቅላቷ ነው። ማን ፎረፎር እንዳለባት፣ የማን ፀጉር ከፊት እየሳሳ እንደሄደ፣ የትኛዋ እመቤት ሽበቷን ጥላሸት እንደምትነካካ ከእሷ የተሰወረ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አለማለቷ የሰፈሩ ትልቅ መጽናኛ ነው፤ ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ግን ታወራ ነበር።

ቀብድ መቀበል የጀመረችው ተናዳ ነው። ጥር ሲገባ ሙሽራ ይበዛል፤ ሙሽራ ሲበዛ ደግሞ ቃል አጣፊ ይበዛል። በአንዱ ጥር የገፈርሳዋ ሙሽራ ቀጥራት ስታበቃ አክስቷ በነፃ ጎነጎነቻት። የቡራዩዋ ደግሞ ከሙሽራው ጋር ተጣልታ ጭራሽ ሠርጉንም ተወችው፤ ለሹሩባ ሠሪዋ መልክት መላክ ትዝ ያለው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። የሺወርቅ ለእነሱ ብላ ሌሎቹን መልሳ ነበርና ቅዳሜን ያህል ቀን ሚዶዋን ይዛ ደጃፏ ላይ ተጎልታ ዋለች። የሚያወራት ጭንቅላት ማጣቷ ከሁሉ የከፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓለም ገና ገበያ ወርዳ የከብት ነጋዴዎች ሲዋዋሉ ቆማ አየች። ገዢው በሬውን መርጦ ቀብድ ይሰጣል፤ ከቀረ ቀብዱ ይበላበታል። አለቀ፤ ጭቅጭቅ የለም። የሺወርቅ ነገሩ ገባት። እንግዲህ ሙሽራዋን እንዳስጌጥለት የሚፈልግ፣ አለች ወደ ሰፈሯ ተመልሳ፣ አስቀድሞ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ያምጣ። ሙሽራዋ ከመጣች ቅቤው በአደስ ተለውሶ ራሷ ላይ ይወጣል። ከቀረች ቅቤው የኔ ነው።

«ፀጉር በሬ ነው እንዴ?» እያሉ አጉረመረሙ። እያጉረመረሙም ቅቤያቸውን አመጡ፤ ከሰበታ እስከ ዓለም ገና እንደ እሷ አድርጎ የሚጎነጉን አልነበረማ።

በዚያ አገር ሴቶች ዘንድ አንድ እምነት ነበር። የሙሽራ ቅቤ ሌላ ሴት ራስ ላይ ከወጣ ሠርጉ ቅቤውን ተከትሎ እዚያች ሴት ቤት ይገባል ይሉ ነበር። የሺወርቅም ይህን ስለምታውቅ የሙሽሮቹን ቅል ለብቻው ትሰቅለዋለች። እጇ እንኳ ቢቀባባ ታጥባ ነበር ሌላ ጭንቅላት የምትይዘው። ችግሩ የመጣው እሜቴ ማሪቱ የመጡ ዕለት ነው።

እሜቴ ማሪቱ የአጥቢያው ዳኛ የአቶ ገብረየስ ባለቤት ናቸው። አንድ ሐሙስ፣ መልክት ሳይልኩ፣ ሻሻቸውን እየፈቱ ገቡ።

«እሑድ ማኅበር አለብኝ፤ ቶሎ በዪ የሺዬ» አሉ።

የዳኛ ሚስት አትመለስም። የሺወርቅ የራሷን ቅቤ ብታይ ቅሉ ባዶ ነው፤ ቅቤ ሻጮቹ የሚመጡት ደግሞ በገበያ ቀን ነው። ዐይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ የተሰቀለው የተረፈች ቅል ነበር። ተረፈች የገበሬው የኦቦ መገርሳ ሚስት ናት፤ ልጇ ደጊቱ እሑድ ትዳራለች፤ ቅዳሜ ልትጎነጎን ቀጠሮ ይዛለች። ትንሽ ቆንጥሬ ነገ እተካዋለሁ አለች የሺወርቅ በልቧ። ነገር ግን የእሜቴ ማሪቱ ፀጉር የሚጠጣ ፀጉር ነበር። ደርቆ ከርሞ ኖሮ፣ የቆነጠረችለትን ሁሉ ምጥጥ አድርጎ ሌላ ይጠብቃል። አንድ ቁንጣሪ ሌላውን እያስከተለ ቅሉ ተራቆተ።

በማግስቱ ጠዋት ተረፈች መጣች። የሺወርቅ ገና እግሯን ስታይ ባዶውን ቅል ከግድግዳው መንጭቃ ከቀሚሷ ሥር ከታ ተቀመጠችበት። የተቀመጠችበት ነገር ክብ ስለነበር በቅሎ ላይ እንደ ወጣ ልጅ ወዲህና ወዲያ ትል ጀመር።

«አካም ቡልቴ የሺ» አለች ተረፈች። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ማሎ፣ እባክሽ እንዳትቆጪኝ። ደጊቱ አንቺ ዘንድ አትመጣም።»

«ምን ሆነች?»

«አክስቷ አዲስ አበባ ፒያሳ ፀጉር ቤት ቀጥራላታለች። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ባርኔጣ አለ አሉ፤ ራስ ላይ ይደፉታል።»

«ጭንቅላቷን እንደ ዳቦ ሊያበስሉት ነው?» አለች የሺወርቅ። ደም ሥሯ ተገተረ። ወዲያው ግን ልቧ በደስታ ዘለለ። ሙሽራዋ ከቀረች ቅቤው በሕግ የእሷ ነው። የራሷን ቅቤ ነበር የቀባችው ማለት ነው። እግዜር ይስጥሽ ፒያሳ፣ አለች በሆዷ።

ተረፈች ግን ገና አልጨረሰችም። «ቅቤዬን ስጪኝና ልሂድ። ላሞቹ ነጥፈዋል፣ ገበያውን ባለሠርግ ጠርጎታል። የእሑዱ ዶሮ ወጥ ያለ ቅቤ ሊቀር ነው። አማቾቼ ፊት ምን ልሁን?»

«ቀብድ አይመለስም።»

«ግማሹን እንኳ።»

«ቀብድ አይመለስም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ ይሁን፣ ቅቤዬን ላየው እንጂ። የት አለ?»

የሺወርቅ የተቀመጠችበትን አጥብቃ ያዘች። ነገሩ ከቅቤው አልፎ ነበር። ቅቤውን ለማን እንደቀባች ከታወቀ ለጥር ቀጥረው የነበሩ ሙሽሮች ሁሉ ጥለዋት ይሄዳሉ፤ የሙሽራን ዕድል ለሌላ ሴት ለምትቀባ ሹሩባ ሠሪ ልጁን የሚልክ ማን ነው? ከዚህ እጇ በቀር ደግሞ ሌላ እንጀራ አልነበራትም። ፈራች፣ በጣም ፈራች። ስትፈራ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጮህ።

«በሕግ አምላክ! ደጄ ላይ አትነዝንዢኝ!»

«ሕግ ካልሽማ ዳኛው ዘንድ እንሂድ» አለች ተረፈች። የሺወርቅ ያሰበችው ይህን አልነበረም።

ዳኛ ገብረየስ ዓርብ ዓርብ ከደጃቸው ካለው ወይራ ሥር ያስችሉ ነበር። ነገር ሲጣራ የሚወዱ፣ ጢማቸውን እያሻሹ «ከሥሩ ጀምሩት» የሚሉ ሰው ናቸው። ደግሞ በሚስታቸው ይቀናሉ። እሜቴ ማሪቱ ገበያ ከቆዩ ችሎት አቋርጠው መንገዱን የሚያዩ መሆናቸውን ሰበታ በሙሉ ያውቃል። የዚያን ዕለት እሜቴ ከኋላቸው፣ ፀሐይ ላይ፣ ሻሻቸውን አስረው ጥጥ እየፈተሉ ነበር። ሥራ ፈት ሁሉ እንደልማዱ ተሰብስቧል።

ተረፈች ከሥሩ ጀመረችው፤ ከላሞቹ መንጠፍ። የሺወርቅ ደግሞ ከበሬ ነጋዴዎቹ ጀመረች።

«ጌታዬ፣ ቀብድ ቀብድ ነው። የበሬ ሕግ ነው።»

«እኔ ልጄን እንጂ በሬ አልሰጠኋትም» አለች ተረፈች።

ዳኛው ጢማቸውን አሻሹ። «ያልታየ ነገር ላይ አልፈርድም። ቀብዱ እዚህ ፊቴ ይቅረብ።»

የሺወርቅ በዳኛው ትከሻ አሻግራ አየች። ቀብዱ ከዳኛው ጀርባ ተቀምጦ ጥጥ ይፈትላል። ይህን አውጥቶ መናገር አይቻልም፤ መዋሸትም በችሎት ያስፈራል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሙግተኛ ልትወራረድ እጇን ዘርግታ፣

«ቅቤው ከዚህ ግቢ ውጪ ከተገኘ ዶሮ እወርዳለሁ!» አለች።

ዳኛው እንኳ ግራ ገባቸው። «ከኔ ግቢ? የማን ቅቤ ነው ከኔ ግቢ የሚገባው?»

ይህን ጊዜ ፀሐይዋ ከረር አለች። ተረፈች አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች። ሌላው ሰው ቅሉን በወይራ ሲያጥን እሷ ራስ ያሳምመኛል ብላ በጥድ ነበር የምታጥነው፤ የእሷን ቅቤ የቀመሰ ሰው ጫካ ውስጥ ቁርስ የበላ ይመስለዋል።

«ኩን ዳዳ ኮ!» አለች። «የኔ ቅቤ ነው ይሄ፣ ጥድ ጥድ ይላል!» እያነፈነፈች ሄደች። የዛፉን ግንድ አሸተተች፣ ተወችው። የሽማግሌውን የኦቦ ገርባን ጋቢ አሸተተች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«አንቺ ሴት፣ ችሎት ላይ ነሽ!» አሉ ዳኛው። የሚሰማቸው የለም። ተረፈች አፍንጫዋን ተከትላ ዳኛውን አልፋ ሄዳ እሜቴ ማሪቱ ሻሽ ላይ ቆመች። ከሻሹ ሥር አንዲት የቅቤ ዘለላ ወጥታ በእሜቴ ጆሮ ግንድ ላይ ቀስ እያለች ትወርድ ነበር።

የሺወርቅ መሬት ላይ ዘፍ አለች። «እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ቅቤ አልቆብኝ ነው። ትንሽ ልቆንጥር ብዬ ነበር፤ ፀጉራቸው ጠጣው። ሙሽራዋ መቅረቷን ሳላውቅ ነው የቀባኋቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።»

 ከዚያ ኦቦ ገርባ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ «እንግዲህ ደጊቱ ፒያሳ ከሄደች፣ የእሑዷ ሙሽራ እሜቴ ናቸው ማለት ነው። ለማን ሊዳሩ ይሆን?» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የዳኛው ፊት በርበሬ መሰለ። ማን እንደሳቀ ለመያዝ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ፤ ሁሉም ስቆ ስለነበር አስቸጋሪ ሆነባቸው።

እሜቴ ማሪቱ ግን እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያለችውን ቅቤ በጣታቸው ጠርገው አሸተቷት።

«አትሳቁ ብዬ አልቆጣም» አሉ። «እኔ የሙሽራ ቅቤ ተቀብቼ አላውቅም። ይህ ሰው ያገባኝ በጠላት ጊዜ፣ መናገሻ ጫካ ውስጥ ነው። ያን ቀን ራሴ ላይ የነበረው ቅጠልና ቅማል ነበር። ትናንት የሺ ስትቀባኝ ሽታው የዚያ ጫካ ጥድ ሆኖ አገኘሁት። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር ቤቴ የገባሁት።»

 ዳኛው መሬት መሬት አዩ፤ ለረጅም ጊዜ ጢማቸውንም አላሻሹ።

«ተረፈች» አሉ በመጨረሻ፣ «ቅቤሽ ከኔ ቤት ይሰጥሻል፤ ቅልሽን ሞልተሽ ሂጂ። የሺወርቅ፣ ቀብድ ቀብድ የሚሆነው ቀጠሮው እስኪደርስ ካልተነካ ነው። ሁለተኛ እንዳትነኪ።»

የሺወርቅ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች። ያን ቀን ከማንም ጋር አላወራችም። በቃ፣ አለቀልኝ አለች። የምትፈራው ግን አልደረሰም። በማግስቱ ደጇን ያንኳኩት ባልቴቶችና የልጅ እናቶች ነበሩ፤ እነ ወርቅውሃ፣ እነ ሸዋነሽ፣ ከቤት የማይወጡት ሁሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የቀረች ሙሽራ ቅቤ የለሽም?» ይሏታል። ወርቅውሃማ ባል ካልመጣም ግድ የለም፣ ሽታው ይበቃኛል አለች። ሙሽሮቹም አልቀሩም፤ እናቶቻቸው ግን ቅቤያቸው ግድግዳው ላይ መኖሩን እየመጡ በዐይናቸው ያዩ ነበር። ደጊቱ በባርኔጣው ተጠብሳ መጣች፤ ፀጉሯ እንደ ጃርት ቆሞ፣ እሷ ግን በጣም እንዳማረባት እየተናገረች ተዳረች። ዶሮ ወጡ ቅቤ ቅቤ ሲል ዋለ።

ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ፣ ማንም የለም ብላ የሺወርቅ ሚዶዋን ስታጥብ፣ ዳኛ ገብረየስ ብቻቸውን መጡ። በጋቢያቸው ሥር የደበቁት ነገር አለ። ግራ ቀኝ አይተው አወጡት፤ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ።

«ለማሪቱ ነው» አሉ። «ሹሩባውም፣ የእጅና የእግር እንሶስላውም፣ እንደ ሙሽራ ሁሉም ይሁን። ለቅዳሜ።»

የሺወርቅ ደነገጠች። «ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎ ምን ቀብድ ያስፈልግዎታል? እሜቴ በፈለጉ ሰዓት ይምጡ እንጂ።»

«ያዢው አልኩሽ» አሉ ዳኛው። «እኔ አውቃታለሁ። ቅዳሜ ሲደርስ እንግዳ መጣ፣ እህል አልተፈጨም ብላ ትተወዋለች። ለራሷ የሆነውን ነገር ሁሉ እንዲህ እንዲህ እያለች ነው የተወችው። ከቀረሽ ቅቤው ይበላል ካልኳት ግን ትመጣለች፤ ቅቤ ሲባክን አትወድም።»

ቅሉን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ከደጃፉ ወጥተው እንደገና ተመለሱና፣

«ብለምንሽም እንዳትመልሺልኝ» አሏት።