ፀጉር ቆራጩና መላጣዋ ውሻ

ጋሽ ምላጭ የሚባሉት ፀጉር ቆራጭ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ ኖረው፣ በስተርጅና የደረሰቻቸው ውሻ አንዲት ፀጉር የሌላት ሆና አረፈችው። እህታቸው ሩቅ አገር ስትሄድ ጥላባቸው የሄደቻት ናት፤ ዘሯ ራሱ ፀጉር አያበቅልም። ደንበኛ ሁሉ እሷንም ላጯት እንዴ እያለ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን ወደዷት። ወሬያቸውን ሳታቋርጥ የምትሰማቸው እሷ ብቻ ነበረች።

ምን ዋጋ አለው፣ ጀርባዋን ብጉር ወረሰው። ደንበኞች ይጋባብናል ብለው መቅረት ጀመሩ። ሚስታቸው ቆፍጠን ያሉ ናቸው፤ እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ለሰፈሩ መጋዘን ዘበኛ ትሰጣለች ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

ጋሽ ምላጭ ሆዬ፣ የቆዳን ነገር ለእኔ ተዉት አሉ። ጢሙን ተላጭቶ አንገቱ ለተቆጣ ደንበኛ የሚያደርጉትን ለእሷም አደረጉላት፤ ጥጥ አልኮል ውስጥ እየነከሩ ጠዋት ማታ ጀርባዋን መጥረግ። ብጉሩ ባሰበት፣ ቆዳዋም ተሰነጣጠቀ። ጭራሽ እሳቸውን ስታይ ወንበር ስር መደበቅ ጀመረች። ይሄ አንጀታቸውን በላው።

ሐሙስ ዕለት እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ ናት። ዳበስ ዳበስ አድርጋ ምን እንደሚቀቧት ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ኮራ ብለው ነገሯት።

«አባባ፣ እያቃጠሏት እኮ ነው» አለቻቸው።

ብጉሩ የሚጋባ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ውሾችን ያዘወትራቸዋል። ለስላሳ መታጠቢያና ስስ ቅባት ሰጠቻቸው፣ ከፀሐይም እንዲከልሏት መከረች። ግን ለመዳን ሦስት ሳምንት ይፈጃል።

ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ጋሽ ምላጭ ቤት ገብተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥፋቱ የገዛ እጃቸው መሆኑን ለሚስታቸው አንድ በአንድ ተናዘዙ። በትዳር ዘመናቸው ጥፋት ሲያምኑ የመጀመሪያቸው ነበር። ሚስትየው ደነገጡ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ቅዳሜ ዘበኛው ገመዱን ይዞ ከች ሲል በር ላይ የተቀበሉት ሚስትየው ናቸው፤ ጣታቸው በውሻዋ ቅባት እንደራሰ።

«የምንሰጠው ውሻ የለንም» አሉት።

መላጣዋ ግን ጋሽ ምላጭን ለማመን ጊዜ ወሰደባት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት፣ የወጣት ደንበኛ አንድ ጉንጭ ላጭተው እንደጨረሱ፣ ከወንበር ስር ወጣች። እጃቸውን አሸተተችና እግራቸው ላይ ተጋደመች። ሌላኛውን ጉንጭ ለመላጨት ዞር ማለት ነበረባቸው።

«አንተው ዙርልኝ የኔ ልጅ» አሉት፣ «እኔ ዛሬ ከዚህ አልነቃነቅም።»