የተለቀሰለት ቆብ

በጃንሆይ ጊዜ የእስቴን ወረዳ በሞተር ብስክሌት እየዞርሁ ፈንጣጣ እከትብ ነበር። የተሰጠኝን የብረት ቆብ ስለሚሞቀኝ ከኋላዬ ሞተሩ ላይ አስሬው እሄዳለሁ፤ ጭንቅላቴ ከድንጋይ የሚጠነክር ይመስል!

አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ገደል ገባ፤ እኔ መንገድ ዳር ተወርውሬ ቀረሁ። ገበሬዎች ራሴን ስቼ አገኙኝና ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ካሉ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ቤት በቃሬዛ አደረሱኝ። እግሬ በቀርከሃ ታስሮ ተኝቼ ሳለሁ ነፋሱ ከከተማው የሙሾ ድምፅ አመጣ።

«ማን ሞቶ ነው አባቴ?» አልኋቸው።

ወጌሻው ወርደው ጠይቀው ተመለሱ። ከደጃፉ ቆመው ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ ነህ» አሉኝ።

ለካ ሌሎች ሰዎች ቆቤን ከገደሉ ሥር ግንባሩ ጎድጉዶ አግኝተው ከተማ ላሉት ቤት አከራዬ ወስደውላቸው ኖሯል። ሬሳ ሲጠፋ በሟች ልብስ ይለቀሳልና፣ እሳቸውም ቆቡን አልጋ ላይ አጋድመው፣ ነጠላ አልብሰው አስለቀሱበት።

ስድን ቆቤን ልወስድ አከራዬ ዘንድ ሄድሁ። «የሟች ነው፣ አይለበስም» አሉኝ። ተናድጄ ከእጃቸው ነጠቅሁት። ጉድጓዱ ልክ ግንባሬ የሚያርፍበት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱን ሳላጠልቅ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ገበያተኛው ግን ከነቆቤ ሲያየኝ ሟቹ የመጣ እየመሰለው፣ ቆቡን ካላወለቅሁ ሰላምታዬን አይመልስም።

አንድ ቀን ረስቼ ከነቆቤ ቤት ገባሁ። አከራዬ ከምድጃው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ዛሬ የመጣኸው የትኛው ነህ?»