የተቋረጠውን ትምህርት ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎህ ሲቀድ

ቅዳሜ ነው፤ የካቲት 2003፣ የግብፁ ገዢ ከሥልጣን በወረደ ማግስት። እህቴ አስቴርና እኔ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አውቶቡስ እንጠብቃለን። ወደ መንገዱ ዳር የተገፋው በረዶ ጠቁሯል፤ አስፋልቱ በረዶ እንዲያቀልጥ በተበተነበት ጨው ነጥቷል። አስቴር የምትኖረው አስፐን ሂል ነው። ጠዋት ሐሳቤን እንዳልለውጥ ብላ እኔ ጋ አደረች። እጇ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ያለው የቸኮሌት ኬክ ይዛለች።

«ለማን ነው?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ለጋሼ ነዋ! ያን ሁሉ ውለታ የዋለልን ሰው ጋ ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው እንዴ?»

«እኔን እንዳታስይዢኝ።»

«ማን ያዢ አለሽ? አንቺ ኩርፊያሽን ያዢ፤ እሱም ይከብድሻል።»

የምንሄደው ላስተምር ነው። አሌክሳንድሪያ፣ የግብፁ ሳይሆን ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ያለው፣ አንድ የአማርኛ ጉባኤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይሰበስባል። ልጆቹ በየትምህርት ቤታቸው አምባገነኖች እንዴት እንደተነሱና ዓለም ወደ ሁለተኛው ጦርነት እንዴት እንደገባ እየተማሩ ነው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ለኢትዮጵያ የተሰጣት አንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጆቹ ነገሩን በአማርኛ የሚያስረዳላቸው ሰው ፈለጉ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ስልክ ደወለ፤ የደወለው ግን ለእኔ ሳይሆን ለአስቴር ነው። እሷም ሳታማክረኝ እሺ አለች።

ኃላፊው፣ የአስቴር ጋሼ፣ በአብዮቱ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አብሮኝ ያስተማረ ሰው ነው። እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ታሪክ። ስሙን አልጽፍም፤ የልጅ ልጆች አሉት። የጂኦግራፊው መምህር ልበለው።

ቀዩ መስመር

ከአውቶቡስ ወርደን የያዝነው የቀዩ መስመር ባቡር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከሌሊት ሥራ የወጣች ነርስ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ጋዜጣ ዘርግቷል፤ የመጀመሪያው ገጽ ሙሉውን የካይሮ ሕዝብ ነው፣ እጁን ወደ ላይ ያነሳ፣ የሚያለቅስና የሚስቅ።

ዛሬ የማስተምረውን ትምህርት ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሬው ነበር። ሰሌዳው ላይ በቅደም ተከተል ጻፍኩ፦ ጋዜጦች ተዘጉ፤ ሌሎች ፓርቲዎች ታገዱ፤ ወጣቱ ዩኒፎርም ለበሰ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠብቅ ተደረገ። የምናገረው ስለ ሮምና ስለ በርሊን ነው። ስለ አገራችን አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ግን የኋላ ረድፍ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ።

በማግስቱ ትምህርቱን ልቀጥል ስል ከክፍል አስወጥተው ቀበሌ ወሰዱኝ። ስገባ የጂኦግራፊው መምህር ቀድሞኝ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ የውይይት ክበብ ሊቀመንበር ነበር። ያልኩትን በሙሉ፣ የተማሪዎቹን ሳቅ ሳይቀር፣ ፊቴ ላይ ተናገረ። ለወራት ታሰርኩ። ስፈታም ሰሌዳ ፊት አላቆሙኝም። እዚህ አገር መጥቼ ጡረታ እስክወጣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ኖርኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጠላቴ ማን እንደሆነ ሁሉም ባወቀልኝ። ግን ቤተሰቤ ወደ ቀበሌው ደጃፍ መቅረብ ሲፈራ፣ ስንቄን ከቤታችን ተቀብሎ ያመላለሰልኝ እሱ ራሱ ነው። ወጥቼ የሆነውን ስናገር ማንም አላመነኝም። አባቴ እንኳ «ያበላሽን ሰው?» ብሎ ተቆጣኝ። የጂኦግራፊው መምህርም እዚህ ዋሽንግተን በየሠርጉና በየለቅሶው «ያተረፍኳት እኔ ነኝ» እያለ ያወራል፤ ሰውም ውለታ ቢስ እያለ ያማኛል።

«እቴቴ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከግቢያችን ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ እኮ» አለች አስቴር። ያኔ ልጅ ነበረች።

«እኔም በልቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሁለቱም እውነት ነው። ጠቆመኝም፣ አበላኝም።»

«ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም።» ኬኩን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ፊቷን አዞረች።

ድልድዩ ላይ

ቻይና ታውን ጣቢያ ወርደን የቢጫውን መስመር ባቡር ያዝን። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ወንዙ ላይ ሲደርስ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ውሃው ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል፤ መሀሉ እርሳስ መስሏል። አንድ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ከራሳችን በላይ ያልፋል።

ለአስቴር ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። ወደዚያ የምሄደው ለልጆቹ ብቻ ብዬ አይደለም። እሱ አንድ ቀን እውነቱን በአፉ እንዲናገርልኝ፣ እሷም በጆሮዋ እንድትሰማልኝ ነው። እሱ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ ብያለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ የልጆችን ፕሮግራም ያበላሸች ቂመኛ አሮጊት እባላለሁ፤ ያለችኝን አንድ እህትም አጣለሁ። ፔንታጎንን አልፈን ኤርፖርቱ ጋ ደረስን።

ኪንግ ስትሪት

ጣቢያው በር ላይ አንድ ጎልማሳ ታክሲውን አቁሞ እጁን ያወዛውዛል። ስሙ ታምራት ነው።

«እናቶች፣ ጋሼ ናቸው ፒክ እንዳደርጋችሁ የላኩኝ። ስንቴ ኮል አደረግኩ፤ አታነሱም እንዴ?»

ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ስለ ግብፅ ያወራል።

«አያችሁልኝ ትናንት? እኔ ሰሞኑን ቲቪ ላይ ነው የማድረው። ሚስቴ ‹ለምን ታክሲህን ካይሮ ወስደህ አትሠራም?› አለችኝ።» ብቻውን ሳቀ። «ማዘር፣ ሂስትሪ ነው አሉ የሚያስተምሩት። የኔም ልጅ አለች። ዛሬ እኔም ገብቼ እሰማለሁ።»

«ሥራህስ?» አልኩት። ማዘር መባል አልወድም።

«ኤርፖርት ያለው ወረፋ የትም አይሄድም።»

ስንደርስ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ታምራት እጁን አርገበገበ። «ሂሳብ? ኧረ ጋሼ ይገድሉኛል!»

«እሱ ያደርገዋል» አልኩ።

አስቴር በክርኗ ጎሰመችኝ። ታምራት ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ።

አሌክሳንድሪያ፣ ረፋድ

አዳራሹ ምድር ቤት ነው። ታጣፊ ወንበሮች፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሳምቡሳና ዶናት። ልጆቹ ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። የጂኦግራፊው መምህር በሩ ላይ ተቀበለን። ከስቷል፤ ከዘራ ይዟል። «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ድሮ አንቺ ነበር የሚለኝ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «እኚህ መምህርት በክፉው ዘመን ብዙ አይተዋል፤ እግዚአብሔር በእኔ እጅ አተረፋቸው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። ቀድማ ያጨበጨበችው አስቴር ናት።

ውሃ ጠጣሁና ማርከሩን አነሳሁ። የአውሮፓንና የአፍሪካን ካርታ በእጄ ሣልኩ። የልጆቹ መጽሐፍ ጦርነቱን ከፖላንድ ይጀምራል። እኔ የመጀመሪያውን ቀስት ከሮም ወደ ወልወል ሳብኩ። ጄኔቭ የተሰበሰቡት መንግሥታት ማዕቀብ ጣልን ሲሉ ነዳጁን ሳይከለክሉ እንደተዉት፣ የስዊዝን ቦይም ክፍት አድርገው መርከቦቹን እንዳሳለፉ ነገርኳቸው። «ይህን በርሊን ሆኖ የሚያይ ነበር» አልኩ። «ማንም እንደማይመጣ ተማረ።» ከዚያ ራይንላንድ፣ ቪየና፣ ፕራግ። ቀስቶቹ በረከቱ። ድምፄ እንደ ድሮው ሆኖ ሲወጣ ለራሴ ደነቀኝ።

ታምራት ከኋላ የመኪና ቁልፉን እንደያዘ እጁን አወጣ። «ይቅርታ ቲቸር። አንድ ሰው ብቻውን አገር አይዝም አይደል? ሲያግዙት የነበሩት እነማን ናቸው?»

ሳዘጋጀው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት። የፊት ወንበር ወደያዘው የጂኦግራፊ መምህር ሄጄ ማርከሩን ሰጠሁት።

«ይህን ጥያቄ እርስዎ ይመልሱት» አልኩ።

ተነሳ። ወደ ሰሌዳው ዞሮ ካርታውን አየ፤ ጀርባው ብቻ ይታየናል። ሊያመልጠኝ ነው ብዬ ነበር።

«እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸው» አለ ዞሮ። «እኚህን መምህርት የጠቆምኩት እኔ ነኝ።»

ታምራት ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ፈርተው ነው እንጂ፣ ጋሼ?»

«ፈርቼ ነበር። ስብሰባ ስገባ ሰው ብድግ ሲልልኝ ግን ወድጄውም ነበር።»

አስቴር ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ስንቁስ? ስንቁን የወሰዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። የወሰድኩት ስለጠቆምኩ ነው፣ ልጄ። እንቅልፍ አሳጣኝ። ኋላ ሰው ሁሉ ስለ ስንቁ ሲያመሰግነኝ ሌላውን ዋጥ አድርጌ ቀረሁ።»

ሰውዬው ማርከሩን መለሰልኝና ተቀመጠ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁትም። ደረቴ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ግን የለም። ብፈልገው አጣሁት።

ትምህርቱ ገና አላለቀም ነበር። ያኔ ያስቆሙኝ አምባገነኖቹ ሥልጣን ከያዙበት ላይ ነው፤ እነዚያ ተማሪዎች የአምባገነኖቹን አወዳደቅ ከእኔ አልሰሙም። እነዚህ ሰሙ። የሮሙ እንዴት እንደተያዘ፣ የበርሊኑ ምድር ቤት ውስጥ እንዴት እንዳለቀለት ተናግሬ ስጨርስ የታምራት ልጅ አፏን ከፍታ አዛጋች፤ ደስ አለኝ። ለስንት ዓመት በትምህርቴ ያዛጋ ተማሪ አላየሁም።

አስቴር ኬኩን ቆርሳ ለልጆቹ አደለች። ለጋሼዋ አልደረሰውም።

ወደ ቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ ወርደን አውቶቡስ ላይ እንደተቀመጥን አስቴር ስልኳን አወጣች። አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድማችን ልትደውል ነው።

«እዚያ እኮ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው» አልኳት።

«ይነሳ!»

ጠራ። ደግማ ደወለች።

«ሀሎ፣ ወንድም ጋሼ? አይ፣ ማንም አልሞተም። ተነስና ቁጭ በል። መብራቱን አብራው። የእቴቴን ነገር ነው። እውነቷን ነበር! ማን አለኝ? እሱ ራሱ ነዋ፣ በአፉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ! አዎ፣ ስንቁንም አዎ! ሁለቱንም! አልሰማህም? ሁለቱንም እኮ ነው የምልህ!»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሾፌሩም በመስታወቱ ተመለከተን። ድምፅሽን ቀንሺ አላልኳትም።