ሽማግሌ የተላከበት መሬት

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማንኛውንም ነገር ከመጀመራቸው በፊት «መጀመሪያ ይጠየቅ» ይሉ ነበር።

ደብረ ብርሃን ካለው የብርድ ልብስ ሱቃቸው ጎን በነበራቸው ባዶ ቦታ ላይ ለልጆቻቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊሠሩ አስበው ነበር። በአፋር በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ የሱቁን መደርደሪያ ካንገጫገጨ በኋላ ግን ሐሳብ ገባቸውና ጠሩኝ። በሥራ ዘመኔ ያለ አፈር ምርመራ የግንባታ ፈቃድ ፈርሜ አላውቅምና መርማሪዎች አመጣሁላቸው። እርሳቸው «ሽማግሌዎቹ» አሏቸው፤ ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ይመስል።

ውጤቱን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ከሥር ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ምድር ስትናወጥ ፎቅ ለመሸከም አያስተማምንም። መሠረቱን በጥልቀት ማውጣት ደግሞ ከአቅማቸው በላይ ነበር።

የበኩር ልጃቸው ተቆጣ። «አባባ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሠርቶ የለም እንዴ?»

«ጎረቤቱ ሽማግሌ ልኳል?»

«እኛስ ልከን ምን አተረፍን?»

«እምቢታ። እምቢ ያለችን ጠልፎ ማግባት ደግሞ ቀርቷል፣ ልጄ።»

ቦታው ባዶውን ቀረ። ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን አውጥተው ፀሐይ የሚሞቁት እዚያ ነበር። ባለፈው ወር ሲያርፉም የልቅሶው ድንኳን የተተከለው እዚያው ነው። ከመዘዞ የመጡ አንድ ለቀስተኛ ዙሪያውን ቃኝተው «እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት ሳይሠራበት ቀረ?» ሲሉ ጠየቁ። ላስረዳቸው ስዘጋጅ የአጎቴ የበኩር ልጅ ቀደመኝ።

«አባባ አስጠይቀዋት ነበር» አለ፤ «እምቢ አለች።»